ጋሼ ያላየው ሥዕል

የድምፅ መልእክቱን ደግማ ከፈተችው። የወንድሟ ድምፅ እንደ ወትሮው የተረጋጋ ነው፤ ጫፉ ላይ የሳቅ ቃና አለው።

«ሚጣ፣ የዛሬው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ከተማው ገብቶሻል ማለት ነው። ቀለሙ በተለይ፣ እዚህ ሆነሽ እንዲህ ያለ ሠርተሽ አታውቂም።»

ስልኩን ቀለም በተንጠባጠበበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። የላከችው ሥዕል በዚህ ከተማ የተሠራ አይደለም። ከዓመታት በፊት አገሯ ሳለች፣ ወንድሟ ታፔላ በሚጽፍባት ሱቅ ጓሮ የሠራችው ነው፤ ልብስ የምታጥብ ሴት ሥዕል። የሴትዮዋ ጣቶች አልሆን ብለዋት ስትነጫነጭ ብሩሹን ከእጇ ቀምቶ ያቃናላት ራሱ ነው። አሁን ያደነቀላት የገዛ እጁን ሥራ ነው።

ያለችበት የሥነ ጥበብ ማእከል ከየአገሩ ሠዓሊዎችን እየጋበዘ ለግማሽ ዓመት መኝታ ክፍልና ስቱዲዮ ይሰጣል። ድሮ ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው የራቀ፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያህል። ስትመጣ በዚህ ሁሉ ብርሃን ውስጥ አለመሥራት የሚቻል አልመሰላትም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሠራች። ከዚያ እጇ እምቢ አለ። ሸራውን ትወጥራለች፣ ቀለሙን ታዘጋጃለች፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆማ ጃንጥላ ይዘው የሚጣደፉ ሰዎችን ስትመለከት ትውላለች። በግድግዳው ማዶ ያለው ሠዓሊ እያንጎራጎረ ሲሠራ ይሰማታል። ሲመሽ የደረቀውን ቀለም ፍቃ ትጥላለች።

ይህን ለወንድሟ መንገር አልቻለችም። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ፊደል የቆጠረችው ከታፔላዎቹ ላይ ነው፤ ብሩሽ ያስያዛትም እሱ። የግብዣው ደብዳቤ ሲመጣ ከሷ ይልቅ እሱ ነበር እንቅልፍ ያጣው። ሲሸኛት የምትሠራውን ሁሉ እየላከች እንድታሳየው አደራ አላት። ስለዚህ የምትልከው ስታጣ ስልኳ ውስጥ ካሉት የድሮ ሥዕሎች እሱ የማያውቃቸውን እየመረጠች ትልክለት ጀመር። በመጨረሻ የማያውቀው አለቀ። ልብስ አጣቢዋን ስትልክለት ግማሽ ልቧ እንዲነቃባትና እንዲቆጣት ፈልጋ ነበር።

የወንድሟ ሚስት ጋ ደወለች።

«ጋሼ ዓይኑን ምን ሆኗል?» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

ከወዲያ የውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቧንቧው ተዘጋ።

«ማን ነገረሽ?»

ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለጋትም። ሴትየዋ ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ የታመቀውን ሁሉ አወጣችው። የዓይን ግፊት ነው። ገና እሷ ሳትሄድ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኝ ነበር ብሏል፤ የቀለም ማቅጠኛው ሽታ ነው እያለ ችላ አለው። ሐኪም ቤት ሲሄድ የጠፋው እንደማይመለስ ተነገረው። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ሱቁ ተዘግቷል። ደንበኞች ሲደውሉ ሥራ በዝቶብኛል ይላል።

«ሥዕልሽ ሲገባ ስልኩ ድምፅ ያሰማል አይደል? እሱን ሰምቶ ነው የሚመልስልሽ። ምን እንዳለበት ልንገርህ ስለው፣ የሷን እኔ አውቀዋለሁ ይለኛል» አለች። «ብትሰማ ጥላው ትመጣለች ብሎ ቃል አስገባኝ። እኔስ ምን ላድርግ? ላያስችል አይሰጥም እያልኩ ነው የምውለው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላት። ጋሼ ሥዕሏን ሲወድላት «ካልወደድኩት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መማል ልማዱ ነበር። መማሉን ከተወ ቆይቷል። እሷ ግን ልብ አላለችውም።

ፊቷን ታጥባ ደወለችለት።

«ሚጣ፣ መልእክቴ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ጋሼ፣ የላክሁልህ ሥዕል ላይ ምን አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምን ይታያል?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበር ሲንሸራተት ሰማች።

«ነገረችሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ልብስ አጣቢዋ ናት። ጣቶቿን አንተ ያቃናህላት።»

«እንግዲያው ራሴን ነዋ ሳሞግስ የከረምኩት» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ሱቁ ውስጥ የተንጋደደ ፊደል ሲያይ የሚናገርበት ድምፅ ሆነ። «ቆይ። የድሮ ሥዕል ለምንድን ነው የምትልኪልኝ?»

አለቀሰች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፤ ባዶውን ሸራ፣ መስኮቱን፣ የሚፋቀውን ቀለም።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ» አለ ስትጨርስ። «የኛ ግን እያደር ከበደን።»

«እመጣለሁ። በዚህ ሳምንት እመጣለሁ።»

«መጥተሽ ዓይኔን ልታበሪልኝ ነው?»

«አጠገብህ እሆናለሁ።»

«አጠገቤ ሆነሽ የማትሥይ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዕውር መኖሩ ነው። አንዱ ይበቃል።» ከዚያ የጨረሰችውን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ይዛ እንድትመጣ ለመናት። እሱ ለምኗት አያውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የማእከሉ አስተባባሪ በሩን አንኳኳች። ማእከሉ ሌላ ሦስት ወር ሊጨምርላት እንደሚፈልግ ከነገረቻት ሰንብታለች፤ ዛሬ መልሱን ልትሰማ ነው የመጣችው። ባዶ እጇን አገሯ መግባት ስላስፈራት እሺ ልትል ወስና ነበር። አሁን ጊዜዋ ሲያልቅ እንደምትሄድ ነገረቻት። አስተባባሪዋ በቋንቋው ምክንያት ያልተግባቡ መስሏት ቃላቱን እየለየች ደገመችላት። እሷም ነገሩ እንደገባት፣ ቤት የሚጠብቃት ሰው እንዳለ መለሰችላት።

በሩ ሲዘጋ ሸራው ፊት ቆመች። መስኮቱን ጀመረች፤ ከመስኮቱ በታች ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ዝናብ የሚሸሹትን ሰዎች። እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ እየከበዳት፣ እያለቀሰችም ሠራች። መልካም ሥዕል አልነበረም። ጥላው ተጨማልቋል፤ ዳር ላይ የቆመችው ሴት እግሯ መሬት አልነካም። ግን አልፋቀችውም።

ብርሃኑ ሲደክም በልማድ ስልኳን አንስታ ፎቶ አነሳችው። የወንድሟን ስም አወጣች። ጣቷ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ፎቶውን አጠፋችና ወንበር ስባ ሸራው ፊት ተቀመጠች፤ የድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ጋሼ፣ ከግራ ልጀምርልህ» አለች። «ግራ በኩል ያለው ጥላ ተበላሽቶብኛል።»