ደረሰኙን የበላው ማን ነው?

ጠዋት የአባዬን ኢሜይል ላፕቶፕ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍት ሳቄ መጣ። የዓመቱ የስፖንጅ፣ የጨርቅ፣ የእንጨትና የኮላ ደረሰኝ ተከምሮ ይጠብቀኛል ብዬ፣ ለየነጋዴው ማህደር ከፍቼ፣ በየወሩ ከፋፍዬ፣ ስም አውጥቼ ቁጭ ብያለሁ። ያገኘሁት ምንድን ነው? የጫማ ቅናሽ ማስታወቂያና «እንኳን ደስ አለዎት፣ መኪና ደርሶዎታል» የሚል ውሸት፣ አበቃ። ወደ ታች ብወርድ የለም። መፈለጊያው ላይ «ስፖንጅ» ብዬ ብጽፍ የለም። የቆሻሻ ማህደሩን ብከፍት እሱም ሙልጭ ብሎ ተጠርጓል። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኛ ሶፋ ሠሪዎች ነን፤ ከኋላ እንሠራለን፣ ከፊት እንኖራለን። የግብር ቢሮው የዓመቱን ሂሳብ ሊመረምር ጠርቶናል፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። ደረሰኝ ያልቀረበለት ወጪ ወጪ አይባልም። ሶፋውን ከባዶ ሜዳ ሠርተን፣ የሸጥንበት ሁሉ ትርፍ ሆኖ ኪሳችን የገባ ይመስል፣ በዚያ ልክ ክፈሉ ይሉናል። ካልከፈልን፣ ከየት አምጥተን እንከፍላለን፣ ቤቱ ይታሸጋል። የሂሳብ ሠራተኛችን፣ እኔ በሆዴ «ምላጭ» የምላት፣ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ እንኳ ከፍ አላለም። «ቢሮው ሳይዘጋ መጥቼ እወስደዋለሁ። ከሌለ ግን እኔም ተአምር አልሠራም» አለችኝ።

አባዬን መጠየቅ እችል ነበር። ግን ከትናንት ጀምሮ ተኮራርፈናል። «ሰው የገዛ ቤቱን ሂሳብ ለባዳ ያሳያል?» ብሎ ምላጭን ሲያማ፣ እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፣ «ስልክ መነካካት ትናንት የጀመርክ ሰውዬ ስለ ሂሳብ አታስተምረኝ» አልኩት። ጥርሱን ነክሶ ወደ ወርክሾፑ ገባ፣ እኔም በሬን ድርግም አደረግሁ። በእኛ ቤት ያኮረፈ ሰው ቀድሞ አይናገርም፤ ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ። ሞቼ ነው የምሸነፈው! ስልኬን አንስቼ ነጋዴዎቹን መለመን ጀመርኩ።

«ልከናል እኮ እህቴ፣ ዕቃው በወጣ ቀን ነው የምንልከው» አለ የስፖንጅ ነጋዴው።

«አልደረሰንም። በሞቴ፣ የዓመቱን ሁሉ እንደገና ላክልኝ። በእኔ ኢሜይል ቢሆን ደግሞ…»

«በአባትሽ ነው የተመዘገበው፤ ማሽኑ ከዚያ ውጭ እሺ አይለኝም።»

የጨርቅ ነጋዴዋም፣ የእንጨት ነጋዴውም ይህንኑ አሉኝ። ኮላና ምስማር የምንወስድበት ሰውዬማ መጀመሪያ አላወቀኝም፤ የአባዬን ሙያ፣ የአባዬን መነጽር፣ የአባዬን ሳል ሳይቀር ዘርዝሬለት ነው ያስታወሰኝ። ሁሉም እሺ አሉ። ማመስገኔን ሳልጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ብቅ አለ። «የስፖንጅ ሽያጭ ደረሰኝ» የሚል ደማቅ ጽሑፍ ከጫማው ማስታወቂያ በላይ ቁጭ አለ። ልቤ ዘለለች። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠቅ ሳደርገው «ይህ መልእክት አልተገኘም» ይለኛል። ዓይኔን አሸሁ። ሁለተኛው መጣ፤ እሱም እጄ ሳይደርስ ጠፋ። የጨርቁ መጣ፣ ጠፋ። የእንጨቱ ተከታትሎ መጣና ዓይኔ እያየ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ሄደ።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ኧረ ኮምፒውተሩ እየበላብኝ ነው!»

እማዬ ልብስ ታጥፋለች። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለም? የእናንተ ወረቀት ምን ዓይነቱ ነው?» አለችኝ።

«ወረቀት አይደለም፣ ኢሜይል ነው!»

«እንግዲያው ላም አለኝ በሰማይ በያ።»

ደሜ ፈላ። እንደገና ደወልኩ። የእንጨት ነጋዴው «አንቺ ልጅ፣ ትቀልጃለሽ? ሌላ ሥራ የለኝም?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የጨርቅ ነጋዴዋ እንኳ ደግ ናት፣ ደግማ ላከች። እሱም ጠፋ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ የይለፍ ቃሉን ከመዝገብ አውጥቼ ደግሜ አስገባሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ፀሐዩ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እማዬ ልብሱን ትታ መጣች። ጀርባዬን እያሻሸች፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው ባካችሁ» አለች። «አባትሽም ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ጪው ጪው ሲልበት ነው የዋለ። ምሳውን ሳቀርብለት ሌቦች ተነሥተውብኛል ይላል።»

«የምን ሌቦች?»

«የከፈልኩትን ደግመህ ክፈል ይሉኛል፣ እኔም እየተከታተልኩ አጠፋዋለሁ ነው ያለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ያው ኢሜይል አባዬ ስልክ ላይም ይከፈታል! ወርክሾፑ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አባዬ የስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥሎ፣ ስልኩን በክንዱ ርዝመት አርቆ ይዞ፣ በሌባ ጣቱ እየተጫነ ነው።

«አባዬ፣ አቁም!»

ቀና አለ። ፊቱ በራ። «ቀድመሽ ተናገርሽ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «ነይ እዪ እስቲ እነዚህን ቀጣፊዎች! ዓመት ያለፈውን ሁሉ አውጥተው ይልኩልኛል። ያረጀ ነው፣ አያስታውስም ብለው እኮ ነው! አንድም አላስቀረሁላቸውም። ከቆሻሻውም ጠርጌዋለሁ።»

«ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ነበር?»

«የከፈልኩትን ታዲያ ምን ላድርገው? ድሮስ የከፈልኩበትን ከአራት ቀድጄ አልጥልም ነበር?»

«ድሮ ኮፒው እማዬ ጋ ይቀር ነበር! ይኼ ኮፒ የለውም! እኔ ነኝ ላኩልኝ ያልኳቸው፤ ለግብር ቢሮው ነው፤ ለምኜ፣ አልቅሼ!» ድምፄ ተሰነጠቀ። «ደረሰኝ አይደለም ያጠፋኸው አባዬ፣ እኛን ነው!»

ስልኩ ከእጁ ስፖንጁ ላይ ወደቀ። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

ኮምፒውተሩን ወደ ወርክሾፑ አምጥቼ እንደገና ነጋዴዎቹ ጋ ደወልኩ። የስፖንጁ ሰውዬ አማረረኝ፣ ሰደበኝ፣ ግን ላከ፤ እያንዳንዱን ገና ሲደርስ ቀልቤ ማህደሩ ውስጥ አስገባሁት። የጨርቅ ነጋዴዋ ዘግታ ወጥታለች። የእንጨት ነጋዴው አያነሳም። የኮላው ሰውዬ «ነገ» አለ። ነገ የሚባል ቀን የለንም ብዬ ብነግረው ምን ያደርግልኛል!

ምላጭ መጣች። ወርክሾፑ ውስጥ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ማህደሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ጨርቅ፣ ባዶ። እንጨት፣ ባዶ። ኮላና ምስማር፣ ባዶ።

«ስፖንጅ ብቻ ነው ያለው» አለች። «በዚህ ከሄድን ጨርቅም እንጨትም ገዝተው አያውቁም ማለት ነው።»

ለእኔ ነበር የነገረችኝ፤ የሰማው ግን አባዬ ነው። ቢላዋውን አነሣ። ነገ ባለቤቱ ሊወስደው የነበረ ሶፋ ጥግ ላይ ቆሟል፤ አባዬ ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሰፋው ነው። መሐሉ ላይ ሰክቶ ከዳር እስከ ዳር ተረተረው።

«ጨርቅ አልገዛህም ነው? ይኸው ጨርቁ!» ስፖንጁን በሁለት እጁ ገሽልጦ ወረወረው። «እንጨት አልገዛህም? ነይ ንኪው! ይኸው ምስማሩ፣ ይኸው ኮላው፣ አሽትቺው! ይኼ ከሰማይ ወረደ? ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ከሰማይ ወረደ?»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ራሷን ያዘች። ምላጭ ግን ወደ እሱ ተጠጋች።

«አባባ፣ እኔ አምንዎታለሁ» አለች። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ይህን ግን ይዤላቸው መሄድ አልችልም።»

የስፖንጁን ደረሰኝ በፍላሽ ገልብጣ ያለውን ላስገባ ብላ ወጣች። የቀረውን ከዛሬ በኋላ እንደማይቀበሉ አልደበቀችንም። እማዬ እስከ መንገዱ ሸኘቻት።

አባዬ የተቀደደው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ለመጮህ የቀረ አቅም ፈለግሁ፣ አጣሁ።

«ማታ ማታ ልተኛ ስል እከፍተዋለሁ» አለኝ ስልኩ ያለበትን ኪሴን እያየ። «ምንም ከሌለበት፣ በዚህ ዓለም ላይ የማንም ዕዳ የለብንም ማለት ነው እላለሁ። ያኔ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሌላ ምንም አስቤ አይደለም።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዛሬስ ምን ብዬ ልተኛ?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።