ግማሽ ጺም

ፀጉር አስተካካዩ የመምህሩን ቀኝ ጉንጭ ጥርግ አድርጎ ላጨና ምላጩን አስቀመጠ። ፎጣውን ከአንገታቸው ላይ አንስቶ አራገፈ። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረው።

"አልቋል፣ መምህር።"

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸውን ተመለከቱ። ቀኝ ፊታቸው እንደ ሕፃን ለስልሷል። በግራ በኩል ግን የሳምንቱ ሽበታም ጺም እንዳለ ቆሟል።

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"መላጨቱ ነዋ! መቶ በመቶ ተጠናቋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክፍል ገቢ ነኝ እኮ!"

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ጥግ የተለጠፈ ወረቀት በጣቱ አሳያቸው። የማዘጋጃ ቤቱ የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ነው፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በስልኩ አንስቶ ያሳተመው። አራተኛው መስመር "የእግረኞች መሸጋገሪያ ድልድይ ግንባታ፦ መቶ በመቶ ተጠናቋል" ይላል።

መምህሩ ድልድዩን በየቀኑ ያዩታል። ከዋናው መንገድ ወዲህ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ተሠርቷል፤ ሃያ ስምንቱን እርከን ወጥተው ሲጨርሱ የሚጠብቅዎት ሰማይ ነው። ከወዲያ ማዶ ሁለት ምሰሶ ቆሞ ብረቱ ዝጓል። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ያሉት ደግሞ ከወዲያ ማዶ ነው።

ወረቀቱን አነበቡ፤ ፊታቸውን አዩ፤ ደግመው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ።

"ተማሪዎቼ 'ምን ሆኑ?' ቢሉኝስ?"

"ይንገሯቸዋ! አስተማሪ አይደሉ?"

መምህሩ ኮታቸውን ለበሱና ግማሽ ጺማቸውን ወደ ላይ ቀስረው ወጡ።

ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ደንበኞቹ ስለ ሹማምንት መከራከር ሲጀምሩ ሬዲዮኑን ወደ ዘፈን የሚቀይር፣ "ኧረ በናታችሁ፣ እኔ ቤተሰብ አለኝ" የሚል ሰው ነበር። ነገሩ የተለወጠው ከሁለት ወር በፊት ሚስቱ ያንን መንገድ ስትሻገር ነው። አሸዋ የጫነ መኪና ገጭቷት ሳይቆም ሄደ። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጠው የስፌት ማሽኗ መስኮት ሥር አቧራ ለብሶ ቀረ።

ድልድዩ እንዲጨረስ ማመልከቻ ይዞ ሦስት ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ። መጀመሪያ "ነገ ተመለስ" አሉት። በሁለተኛው "ማመልከቻህ ጠፋ" ተባለ። በሦስተኛው አንዷ ሠራተኛ አዝና ሰሌዳው ላይ ወዳለው ሪፖርት ጠቆመችው። "ድልድዩ እኮ አልቋል፣ ጋሼ" አለችው።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ትራስ ተደግፋ ሰማችው።

"አልቋል አሉህ?"

"አልቋል አሉኝ።"

"እንግዲያው አንተም ግማሽ ግማሹን እየላጨህ 'አልቋል' በላቸዋ!"

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የራሱን ጺም ላጨ፤ ቀኙን ብቻ።

ሳያስፈቅድ የደፈረው መምህሩን ብቻ ነው፤ የሃያ ዓመት ደንበኛው ናቸውና ያውቃቸዋል። ሌላውን ሁሉ "ሙሉ ወይስ እንደ ድልድዩ?" ብሎ ይጠይቃል። "እንደ ድልድዩ!" የሚለው በዛ። የባንክ ጥበቃው መጣ፤ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ መጣ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጥበቃውን ጠርቶ "ይህ ምን ዓይነት ፌዝ ነው?" ቢለው፣ ሰውየው ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ አስነበበው። ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ሴቶቹም "እኛ ጺም ከየት እናምጣ?" ሲሉ ከረሙና አንድ ጠዋት በአንድ ጆሯቸው ብቻ ጉትቻ አንጠልጥለው ገበያ ወጡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ወጣት የንግድ ፈቃድ ተቆጣጣሪ ፋይል በብብቱ ይዞ መጣ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ደንበኛን በአግባቡ አለማስተናገድ።"

"የከሰሰኝ ደንበኛ ማን ነው?"

ወጣቱ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። "እሱ ወደፊት ይጣራል። ዕቃህን ለማውጣት አሥር ደቂቃ አለህ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። ከዚያ በሩ ላይ "ታሽጓል" የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ያን ምሽት ፀጉር አስተካካዩ ራቱ ቀርቦለት አልነካውም።

"ነገ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅስ?" አለ። "ኪራይ አለ፤ ያንቺ ሕክምና አለ።"

"ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? እኔን የገጨኝ እንኳ ይቅርታ አልጠየቀኝም!"

"ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ?"

"የማልፈራ እንዳይመስልህ። የመኪና ድምፅ ስሰማ አሁንም ላብ ያጠምቀኛል። ግን ያንን መንገድ ነገም ከነገ ወዲያም መሻገሬ አይቀርም።" ቀና አለች። "ወንበሩ የት ነው?"

"ደጅ ነው።"

"እንግዲያው ሱቅ አለህ።"

በማግስቱ መምህሩና ጥበቃው ከባዱን የብረት ወንበር ተጋግዘው ተሸከሙና ሰማይ ላይ በሚያበቃው ደረጃ ሥር አኖሩት። ሚስቱ በክራንች እያነከሰች መጣችና የመጀመሪያው እርከን ላይ ተቀምጣ መስታወቱን ያዘች። ወረፋ ጠባቂው ከእሷ በላይ ባሉት እርከኖች ላይ እስከ ጫፍ ተደረደረ። ያ ድልድይ ሰው ሲሸከም ይህ የመጀመሪያው ነበር። የሚያልፉ መኪናዎች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ከአውቶቡስ መስኮት እጅ ይውለበለባል።

አራት ሰዓት ገደማ የማዘጋጃ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ከመኪና ወረደ። ሱፉ ንጹሕ፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

"ወንድሜ፣ አንተን መጉዳት አንፈልግም" አለ። "ድልድዩ እኮ በሂደት ላይ ነው።"

"ሪፖርቱ ተጠናቋል ይላል፤ እርስዎ በሂደት ላይ ነው ይላሉ። የቱን ልያዝ?"

ደረጃው በሙሉ አውካካ።

"የጽሑፍ ስህተት ነው። ይታረማል።"

"የእኔንም እግር የሰበረው የጽሑፍ ስህተት ነው?" አለች ሚስቱ።

ሳቁ ጸጥ አለ። ምክትሉ ጀሶውን አየና ዓይኑን ሰበር አደረገ። ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከእኔም በላይ ሰው አለ፤ እወቀው። ይህን ፈርምልኝና ሱቅህ ዛሬውኑ ይከፈት። ካልፈረምክ ግን ፈቃድህ ይሰረዛል። ያኔ እኔም ላግዝህ አልችልም።"

የዘረጋለት በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ነው። "በፈጸምሁት ጥፋት ተጸጽቼ ድርጊቱን ማቆሜን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሱቁ ትዝ አለው፤ አንድ በአንድ የገዛቸው መስታወቶች፣ በገዛ እጁ ቀለም የቀባው ግድግዳ። ወደ ሚስቱ ዞረ። መስታወቱን ቀጥ አድርጋ ይዛ መንገዱን ታያለች።

"ጋሼ፣ አረፋው ፊቴ ላይ ሊደርቅ ነው!" አለ ወንበሩ ላይ ያለው ትኬት ቆራጭ።

ፀጉር አስተካካዩ ደብዳቤውን ለሁለት አጠፈው፤ ደግሞ ለአራት። በእጥፋቱ ላይ ቀደደውና የምላጩን አረፋ ከሚጠርግባቸው የጋዜጣ ቁራጮች ጋር ደረበው። ከጆሮ ግንድ እስከ አገጭ አንድ ጊዜ በረጅሙ ላጨ። አረፋውን ከደብዳቤው በአንዱ ሩብ ላይ ጠረገ።

ምክትሉ ጥቂት ቆሞ አየው፤ ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ምክትሉ ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ አላየውም። ፎጣውን አራገፈና ወደ ደረጃው ቀና ብሎ ተጣራ፤

"ባለተራ!"