የክረምት ገጾች

ዶክተር እሌኒ ዳኘው አንዲት ኮከብ ሠላሳ ዓመት ተከታትለዋል። በእሳቸው ዘመን ሥነ ፈለክ ተምራ ወደ ጎጃም የተመለሰች ሌላ ሴት አላውቅም። ኮከቢቱ ለዓመታት እኩል ስታበራ ትቆይና ሳይታሰብ በቀናት ውስጥ ትደበዝዛለች። በሠላሳው ዓመት ውስጥ ይህ የሆነው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ጊዜ ክረምት ነበር፤ ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ነበር። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች አዩ። እሳቸው አላዩም።

እኔ ቡሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መንገድ ላይ ወርጄ፣ በበቆሎው መካከል ጭቃውን እየረገጥኩ ቤታቸው ደረስኩ። መዝገቦቻቸውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ የዓለም ኮከብ ተመልካቾች መረጃ ወደሚያጠራቅሙበት ማዕከል ልልክላቸው ነበር። ዶክተር ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ከወንድማቸው ልጅ ከእትዬ በለጠች ጋር ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አየሁ። በድሮዎቹ መዝገቦች ላይ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ክረምቱም በጋውም ተሞልቷል፤ በእትዬ በለጠች ጽሕፈት።

«እትዬ፣ ይኼን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ እሳቸው ናቸዋ። ሲመሽ ደጃፍ ይቀመጣሉ፣ ቁጥር ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እኔማ ኮከብና አምፖል መች ይለይልኛል!»

«በዝናብም?»

«በዝናብም። ‹አክስቴ፣ እየዘነበ እኮ ነው› ስላቸው ‹አንቺን ማን ጠየቀሽ› ይሉኛል።»

ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሄጄ፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ የኮከቢቱን ብርሃን እየለካ የመዘገበውን በስልኬ አወረድኩ። ከመዝገቡ ጋር ጎን ለጎን አነበብኩት። 5.9፣ 5.9። 6.0፣ 6.0። ቀን በቀን፣ አንድም ሳይዛነፍ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ስመለስ ለራሴ ምክንያት አገኘሁ። አንድ የድሮ ወዳጃቸው ውጤቱን እያየ ይደውልላቸው ይሆናል አልኩ። በዚህም ተጽናንቼ አደርኩ።

እሑድ ሲመሽ እትዬ በለጠች ሲጽፉ አጠገባቸው ቆምኩ። ቀኑን «ነሐሴ 13» አሉት።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ አሥራ ሁለት ነው።»

«ፀሐይ ገብታ የለም እንዴ? ካመሸ የነገ ነው። አባቴ መርጌታ ነበሩ፤ ሌሊቱን ለነገው ነው የሚቆጥሩት። እናንተን ዩኒቨርሲቲ ይኼንንም አላስተማሯችሁ?» ብለው ሳቁብኝ።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ሰንጠረዡን እንደገና አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የተጻፈው የማግስቱ ቀን ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሁሉ የተጻፉት ከመለካታቸው አንድ ቀን በፊት ነው። የሚደውል ወዳጅ ቢኖር እንኳ ምን ብሎ ይነግራቸዋል?

ሰኞ ማታ እትዬ በለጠች ላሞቹን ሊያስገቡ ሄዱ፤ መዝገቡን እኔ ያዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዶክተር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ደመናው ነው። አንገታቸው በጣም በዝግታ ወደ ምዕራብ ይዞር ነበር፤ ሰማይ በሚዞርበት ፍጥነት።

«ሰባት ነጥብ አምስት» አሉ።

ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቢቱ ደበዘዘች ማለት ነው። ትናንት ያሉት ስድስት ነጥብ አንድ ነበር።

«ጀመረች» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ጠብቄያታለሁ። ሌላው ሰው ነገ ያያታል። የእኔ ስም ከነሱ ጋር ይጻፍ።»

«ዶክተር፣ ምን ቀን ልጻፍ?»

ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት።»

«እንግዲያው በለጠች እንደምትጽፈው ጻፊ። የነገውን። ይቀበሉታል። የዛሬውን ከጻፍሽ ግን ሠላሳውንም ዓመት አብረው ይጥሉታል።»

እውነታቸውን ነበር። የማዕከሉ ቅጽ የሚጠይቀው ቀን፣ ቁጥርና ስም ብቻ ነው፤ ስለ ደመና የሚጠይቅ የለም። መርጌታውም ቢሆኑ አልዋሹም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እንዲያም ሆኖ ብዕሩን አነሳሁ።

«ነሐሴ 13፣ ሰኞ ማታ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ «ደመና። ዝናብ። ተመልካቿ ዓይነ ስውር ናቸው» አልኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አያምኑንም» አሉ።

«አዎ።»

«ሃያ ስምንቱን ዓመት እኮ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ውዳሴ።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

የተቆጡ መሰለኝ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ደመናው መለሱ።

«ካላመኑ አይቀር የሚመጣውንም ሁሉ ጻፊው» አሉ። «ስምንት ነጥብ ሁለት።»

«ይኼ የየትኛው ቀን ነው?»

«ዘጠኝ። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።»

 ቁጥሮቹን እያከታተሉ ይጠሩ ነበር፤ ድምፃቸው እንደ ንባብ እኩል ነበር። የቀኑን ቦታ ባዶ እየተውኩ፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ደመና። ዝናብ።» እያልኩ፣ ወረቀቱ በጨለማው እስኪጠፋብኝ ጻፍኩ።