የቦይለሩ ካፖርት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ካፖርት ልሰፋልሽ ብሎኝ ግራጫ ሱፍ ካስመረጠኝ አስራ አንድ ክረምት አለፈ። እሱ ነገ ዛሬ ሲል፣ እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ እየደረብኩ ሽንኩርት መስያለሁ።

ሰሞኑን ሙቅ ውሃው ቶሎ ቶሎ እየቀዘቀዘ ሲያስቸግረን የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ የቆመውን ቦይለር ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ «እትዬ፣ ሙቀቱ በጎኑ እያመለጠ ነው። በስፖንጅና በፎይል ጠቅልሉት፤ የማብሪያውን ክዳን ብቻ እንዳትሸፍኑት» ብሎኝ ሄደ።

«ጠቅልሉት?» አለ ባሌ። «ዳቦ ነው እንዴ? ይሰፋለታል እንጂ።»

ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለካ፤ ሦስቱም እኩል ሆኑ። «ቀጥ ያለ ቁመና ነው» አለኝ በአክብሮት። ከዚያ የኔን ግራጫ ሱፍ አውጥቶ ቆረጠው። በውስጡ ስፖንጅ፣ ገበሩን ፎይል አደረገ። ለማብሪያው መስኮት፣ ጎንና ጎን ለሚወጡት ቧንቧዎች ሁለት ቀዳዳ ተወ፤ ኮሌታና ኪሶችም አበጀለት። ኪሶቹ ለምኑ ናቸው ብዬ ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አላፍርም፣ በቦይለር ቀናሁ።

ሲያለብሰው አልዘጋ አለ። «ትንፋሽዎን ዋጥ ያድርጉልኝ» አለው ቦይለሩን። ሁለት ስንዝር ጎደለው። ልኬቱን የጻፈበትን ደብተር አየ፣ እንደገና ለካ፤ ልኬቱ ትክክል ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና እጆቹን ያይ ጀመር።

«እጄ አረጀ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ መቀስ አልይዝም።»

አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም ነበርና ሹራቦቼን አወላልቄ ካፖርቱን ከቦይለሩ ላይ መንጭቄ ለበስኩት። በቧንቧዎቹ ቀዳዳ እጆቼ ወጡ። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፤ ኪሶቹ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበሩ። ስተነፍስ ፎይሉ ይንኮሻኮሻል። የማብሪያው መስኮት እምብርቴ ላይ ዋለ።

«መቼ ለክተኸኝ ነው?»

«ለክቼሽ አላውቅም» አለ። ተነስቶ ኮሌታውን አቃናልኝ፤ ለካስ እጁ የቆረጠው በኔ ልክ ነበር።

ቦይለሩ አሁን አራቱን ሹራቦቼን ለብሷል፤ የማብሪያው ክዳን ብቻ ክፍት ነው። ውሃውም አይቀዘቅዝም።

«እጅጌው ሐሙስ ይደርስልሻል» አለኝ ባሌ። አስራ አንድ ዓመት ነገ ሲለኝ የኖረ ሰው ቀን ቆርጦ ሲነግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።