የላይኛው ክፍል መብራት

“ያ ቤት ነው የበላት” አሉ እትዬ ብርቅዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። “ሰይጣን አለበት። ፈረንጆቹ እንኳ በደጁ አያልፉም።”

የጠጂቱ ሣልስት ነው። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ያለችው የሔርሞን ጠባብ አፓርታማ በሰው ጢም ብላለች፤ አብሯት የሚያለቅስ ግን የለም። የመጣው ሁሉ ስለዚያ ቤት ሊሰማ ነው።

ሔርሞንን ያሳደገቻት አክስቷ ጠጂቱ፣ ከቶሮንቶ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ ገጠር፣ የአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሮጊቷ ሞታ ወራሾቹ ሲበታተኑም ቁልፉን ይዛ ቀረች። ሰው በማያድርበት የላይኛው ክፍል በየምሽቱ መብራት ይበራል፤ ወሬው የተነሣው ከዚያ ነው።

ሔርሞን በስምንት ዓመቷ ኮቴ ሰምታ፣ እየፈራች ደረጃውን ወጥታ ነበር። ጠጂቱ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ መብራቱን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች።

“ማን ሊመጣ ነው?”

“መንገድ ላይ ያለ ሰው። ከጨለመበት ደጁን ይስታል።”

“መቼ ነው የሚመጣው?”

“አንቺ ልጅ! ሲመጣ ነዋ!”

ዘንድሮ ሔርሞን “ነይ፣ አብረን እንኑር” ብላ በስልክ ስትለምናት፣ “እሱንስ ማን ይከፍትለታል?” አለቻት። ሔርሞን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። በአንድ ጥላ ተለወጥኩ ብላ አራት ወር ኮል አላደረገችም። ማን እንደበለጣት ሳታውቅ አክስቷን ቀበረች።

“እትዬ፣ ሰይጣኑ የመብራቱን ቢል ይከፍል ነበር?” አለች አሁን።

ጥግ የተቀመጡት አዛውንት፣ አቶ ስንታየሁ፣ አልሳቁም።

“ሰይጣን አይደለም ልጄ። ፀጋዬ ነው፤ እጮኛዋ። ሱዳን አብረን ነበርን። እሷ ቀድማ መጣች፤ እሱ የመግቢያ ወረቀቱን ሲጠብቅ እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቀረ። ‘ላይ መብራት ያለበት ቤት ነው’ ብላ ጽፋለታለች።”

“ከዚያስ?”

“በዓመቱ ወባ ገደለው።”

“ያውቁ ነበር? ይሄን ሁሉ ዓመት?”

“መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ተሰብስበን እንሂድ ተባለ። መኪና ሲገኝ ቄሱ አይመቻቸውም፤ ቄሱ ሲመቻቸው በረዶ ይጥላል። ኋላማ በምን አፋችን? ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ብርቅዬም።”

እትዬ ብርቅዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሔርሞን ተነሥታ ወደ አክስቷ ፎቶግራፍ ሄደች።

“እኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ይንገሯት።”

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ፎቶግራፉ ፊት ቆሙ። ሔርሞን፣ መርዶ የሚነገረው ሰው እንዳይወድቅ እንደሚያዝ፣ ፍሬሙን ከኋላ በሁለት እጇ ደገፈች።

“ጠጂቱ፣” አሉ፣ “ፀጋዬ አይመጣም። መንገድም አልጀመረም።”