ሦስት ቢሮ በአንድ ፍራሽ

ናስቲሆ ከባሏ እኅት ቤት መውጣት ነበር የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ቤቷን ከነቆርቆሮው ይዞት ሄደ። ግድግዳውን ጎረቤት ተረባርቦ በድንጋይና በጭቃ መልሶ አቆመላት። ጣሪያ ግን በጉልበት አይሆንም፤ ብር ይፈልጋል። ብሩን ደግሞ መንግሥት ለጎርፍ ተጎጂዎች ፈቅዷል። በሬዲዮ ተነግሯል፣ በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር ተለፍፏል። የቀረው መስጠት ብቻ ነው። ባሏ ዒልሚ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ይዞ ከሚመጣው ይዞ የሚሄደው ይበልጣል። ስለዚህ ናስቲሆ ፍራሿን ጠቅልላ የታላቅ እኅቱ የሂባቅ ቤት ገባች።

ሂባቅ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ጥለሽው ትሄጃለሽ። ሂባቅ አብልታ የምትናገር ናት።

"ብዪ እንጂ አባዮ፣ እኅቴ፣ ቤትሽ ነው። ሳሙናውን ብቻ እንደዛ አትፈግፍጊው፣ የሰው ሳሙና ነው።"

ማታ ማታ ደግሞ ጥያቄ አላት።

"ያንቺ መንግሥት ዛሬስ ምን አለሽ?"

"ነገ አለኝ።"

"ነገም እዚሁ ነሻ!"

ገንዘቡ በሦስት ቢሮ ነው የሚያልፈው። አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ይከፍላል። ሌባ እንዳይበላው ነው ተባለ። እውነትም ሌባ አልበላውም። ማንም አልበላውም።

መዝጋቢው ቢሮ አቶ ግሩም አለ። "እኛ ጨርሰናል፣ አጣሪው ጋ ነው" ይላል። አጣሪው ቢሮ አብዱሰመድ አለ። "መዝጋቢው በደብዳቤ አላሳወቀንም" ይላል። ከፋዩ ቢሮ ሮብሌ አለ። እሱ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ "ሁለቱ ይስማሙና ይምጡ እንጂ እኔማ ዛሬውኑ እከፍላለሁ" ይላል። ሦስቱም "ቅንጅታዊ አሠራር" የሚባል ነገር እንጠብቃለን ይላሉ። ናስቲሆ መጀመሪያ ሰው መስሏት ነበር። መቼ ነው የሚመጣው ብላ ጠይቃለች።

አሁን ጉዱን ስሙ። ናስቲሆ ጫት ሻጭ ናት፤ ሦስቱም ደንበኞቿ ናቸው። በየቀኑ፣ ፀሐዩ ሲከርና ቢሮ ለምሳ ሲዘጋ፣ ሦስቱም ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ዲሪር ቤት ይሄዳሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ይጋደማሉ፣ በርጫ ይይዛሉ። በደብዳቤ መገናኘት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ግን የግሩም ክርን የአብዱሰመድ ትራስ ላይ፣ የሮብሌ እግር የግሩም ጭን ላይ ነው። ጫቱን የምታመጣላቸው እሷ ናት።

አንድ ቀን ጫቱን አስቀምጣ ቆመች።

"ሦስታችሁም እዚህ ናችሁ። አሁን ተነጋገሩልኝ።"

ዲሪር በከዘራው ወለሉን መታ። "አቦ! እዚህ ቤት የቢሮ ወሬ የለም። ሕግ ነው።"

"ሕግ ነው" አለ ግሩም። ሕግ የሚያከብር ሰው ነው።

ስለዚህ ሌላ ቀን ሰዓቱን መርጣ፣ ምርቃናው ሲደርስ፣ ሁሉም ሰው ዓለምን ሊያስተካክል በተነሣበት ሰዓት ገባች። ያኔ ዲሪር እንኳ ሕጉን ረስቶታል። አብዱሰመድ "ዋላሂ እኅታችን ነሽ!" አለ። ግሩም የሰፈሩን ቤት በሙሉ በብሎኬት ሠራው፤ ደቻቱንም ግራና ቀኝ በግንብ አጠረው፤ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከለበት። ሮብሌ ዕንባው መጣ። "ነገ ጠዋት ነይ፣ ሁለት ሰዓት፣ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ" አለ ግሩም።

ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበረች። ግሩም መነጽሩን አድርጎ ቀና አለ።

"ስም?"

"ናስቲሆ ነኝ እኮ።"

"የአባት ስም?"

"አንተ! ትናንት እኮ…"

"ትናንት የት?" ኮስተር አለ። "ተራ ይዘዋል?"

ዲሪር ቤት አንተና አንቺ ናቸው። ቢሮ ሲገባ አንቱ ይላታል። አክብሮ መለሳት።

ይህን ለሂባቅ ስትነግራት ሂባቅ ሳቋ አልቆም አላት። "ጫቱን ቅመሽው እስቲ፣ ምናልባት አንቺም ትረሺው ይሆናል።"

ናስቲሆም ልትረሳው ነበር። አንድ ጠዋት ግን በጀልዴሳ በኩል ደመና ቆሞ አየች። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ በረደ አለ። እሷ ያሰበችው ግድግዳዋን ነው። ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግድግዳ አንድ ደህና ዝናብ ነው የሚበቃው። እሱ ከፈረሰ ጎረቤት ሁለተኛ አይረባረብም፤ እሷም ሂባቅ ቤት ታረጃለች። የሰው ሳሙና እየቆጠበች።

የዚያን ቀን የአወዳይ የጫት መኪና ዘግይቶ፣ ያውም ግማሽ ጭነት ይዞ መጣ። ናስቲሆ ተጋፍታ የሦስቱን ጫት አነሣች፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች። ከዚያ ወደ ዲሪር ቤት መታጠፊያው ጋ ስትደርስ አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ መዝጋቢው ቢሮ ሄደች። ቢሮው ዝግ ነው። ዘበኛው ያውቃታል፤ የግሩም በር ሥር ጥቅሏን ታቅፋ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። ዲሪር ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰዎቹ እኮ ተጋድመዋል!"

"ግሩም በር ላይ ነኝ። ደብዳቤዬን እየጠበቅኩ ነው።"

ስልኩን ግሩም ነጠቀው። "ዝግ ነው እኮ!"

"ክፈተው።"

"ጫቱስ?"

"አብሮኝ አለ። ግን ኮሪደሩ ይሞቃል። ቅጠል ነው፣ ምን ያውቃል፣ ይጠወልጋል።"

"ከሌላ ሰው እንገዛለን!"

"ግዙ። ገበያው ላይ የተጣለ ገራባ ተርፏል፤ ፍየሎቹን ቀድማችሁ ከደረሳችሁ።"

ወዲያ ማዶ አብዱሰመድ በሶማሊኛ ሲራገም ይሰማል። ከዚያ ሮብሌ፣ ደጉ፣ "የት ነው ግን የግሩም ቢሮ?" ብሎ ጠየቀ።

በአንድ ባጃጅ መጡ። ጫት የለመደ ሰው በሰዓቱ ካላገኘ ሐራራ ይይዘዋል፤ ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ በእናቱም ይናደዳል። ሦስቱም እንደዚያ ሆነው ነው የወረዱት። ግሩም ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ናስቲሆ ከፈተችለት።

ሮብሌ ዙሪያውን አየ። "ቢሮህ ይሄ ነው? የእኔ ማራገቢያ ይሻላል።"

"አንተ መቼ መጥተህ ታውቃለህ!"

"መቼ ጠራኸኝ?"

"ተዉ አቦ፣ ማኅተም አምጡ!" አለ አብዱሰመድ። ባጃጁ ቁልፋቸውን ይዞ የሁለቱን ማኅተም ሊያመጣ ሁለት ቢሮ ዞሮ ተመለሰ። ቢሮዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚርቀው።

አብዱሰመድ የማጣሪያውን ቅጽ ዘረጋ። ስም ሞላ፣ ሰፈር ሞላ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

"ሥራ ይላል። መደበኛ ገቢ ያለው ሰው አያልፍም።" ጆንያውን አየ። እሷን አየ። "ምን ልበል?"

"ሥራ የላትም በል" አለ ግሩም።

"ጫቱን ታቅፋ እያየኋት?"

"እንግዲያው አላት በልና ጫቱን ተወው።"

አብዱሰመድ ሥራ የላትም ብሎ ጻፈ። ሕሊናው እንዳይወቅሰው "ለጊዜው" የሚል ጨመረበት።

ግሩም መዝገቡን ሲገልጥ ግን ፊቱ ተለወጠ። "ለአንድ ሰው ብቻ ክፍያ አይወጣም። መመሪያው አይፈቅድም። ካለፈ ዝርዝሩ እንዳለ ነው የሚያልፈው።"

"ይለፋ" አለች ናስቲሆ።

"ሰፈሩ በሙሉ?"

"እኔን ምን ጨነቀኝ?"

"ያ ሁሉ ሰው እስኪጣራ…"

ናስቲሆ ጆንያውን ገለጥ አድርጋ አንድ ቀንበጥ አነሣች፣ ዐየችው፣ "ጫፉ ጠቁሯል" አለች።

ሁሉም ሥራ የለውም ተባለ፤ ለጊዜው። ግሩም መታ፣ አብዱሰመድ መታ፣ ሮብሌ ሁለት ጊዜ መታ። የዓመቱ ሥራ ሻይ እስኪፈላ አለቀ። ናስቲሆ ጥቅሉን ሰጠቻቸውና ሒሳቧን ተቀበለች።

ብሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሰው ሁሉ ስልክ ገባ። በአንድ ደቂቃ። ሰፈሩ እልል አለ፤ የማያነበው ለሚያነበው አስነበበ። ናስቲሆ አንዴ አንብባ ወደ ቆርቆሮ መሸጫው ሮጠች። ስትደርስ ሰፈሩ ቀድሟት ቆሟል። ብር በአንድ ቀን የገባለት ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ቆርቆሮ ፈለገ።

ነጋዴው ሂሻም ላቡን እየጠረገ ነው።

"ትናንት የነገርከኝ ዋጋ እኮ ይሄ አይደለም!" አለችው ናስቲሆ።

"ትናንት አንድ ሰው ነበር የጠየቀኝ። ዛሬ አገሩ መጣብኝ። ምን ነካችሁ? አንድ በአንድ ብትመጡ ምን ነበረበት?"

"ተቀናጅተን ነው" አለች ናስቲሆ።

ብሯ ለግማሽ ጣሪያ በቃ።

ሂባቅ ሰማይ ተደፋባት። "ግማሽ? ግማሽ ቤት ልትገቢ? ሰው ምን ይለኛል? አባረረቻት አይሉኝም?"

"ላስቲክ አደርግበታለሁ።"

"ላስቲክ! ሳሙና ነው አይደል? ለሳሙና ነው አይደል የተቀየምሽኝ?"

"አይደለም አባዮ።"

ለሳሙና ነበር። ፍራሿን ጠቅልላ ሄደች፤ ጣሪያ ባለው በኩል ዘረጋችው፤ ሌላው ግድግዳ አናት ላይ ላስቲክ አልብሳ በድንጋይ ጫነችው። በሯን ዘጋች። እንደገና ከፈተች። ደግማ ዘጋች፤ የራሷ በር ነው።

በሳምንቱ እንግዶች መጡ። ሦስቱ ናቸው፤ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከተው፣ አንድ ፎቶ አንሺ አስከትለው፣ "በቅንጅታዊ አሠራር የተገኘ ውጤት" የሚል ጨርቅ ይዘው። ለሪፖርት ነው። ሌሎች ከተሞች ከእኛ ሊማሩ ነው አለ ግሩም። አንቱ አላት።

"እዚህ ይቁሙ። በቆርቆሮው በኩል።"

ቆመች። ፎቶ አንሺው አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፤ መልሶ ከፈተው። ላስቲኩ በነፋስ ተገልጦ፣ ጣሪያ በሌለው በኩል ሂባቅ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበረች፤ ሩዝ ይዛ መጥታ፣ ድስቱ የት ነው፣ በርበሬው የት ነው ስትል። አሁን በሰው ቤት ውስጥ፣ ክፍሉ መሐል፣ ትልቅ ጥቁር ጥላ ዘርግታ ቆማለች።

"እማማ፣ ከዚያ ዞር ይበሉልን" አላት አብዱሰመድ።

"ለምን?"

"ፎቶው ውስጥ ይገባሉ።"

"ልግባ። የወንድሜ ቤት ነው።"

"ጥላውን እንኳ ይጠፉት።"

"ፀሐይ ነው እኮ! ቆርቆሮውን ስትመቱልኝ አጥፈዋለሁ።"

ግሩም ወደ አብዱሰመድ ዞረ። አብዱሰመድ ወደ ሮብሌ። ሮብሌ ቀና ብሎ ክፍት የሆነውን ሰማይ አየና ሰዓቱን ተመለከተ፤ የበርጫ ሰዓት እየደረሰ ነው።

"እንዲሁ አንሣው" አለ ግሩም።

ናስቲሆ ግን ከቆርቆሮው ሥር ወጥታ ወደዚያኛው ተሻገረች፤ ጥላው ሥር ገብታ ከሂባቅ ጎን ቆመች።

"ጠጋ በዪ" አለቻት ሂባቅ፣ ክንዷን ይዛ። "ሩዙ እንዳያር ብቻ።"