የተዘቀዘቀ ነጠላ
ዓይናለም ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታስተምራለች፤ ሰሞኑን ስለ ነጠላ አመጣጥ መጽሐፍ ልጽፍ ብላ አዘዞን ስታምስ ከረመች። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቷን እትዬ ይመኙሽን ያዘቻቸው።

"እትዬ፣ ጥለት ነጠላ ላይ የገባው መቼ ነው?"

"ምነው ልጄ፣ ከፋሲል ጋር ያደግሁ መሰልሁሽ?"

ግን ወሬ አያልቅባቸውም። ድሮ ድሃ ነጩን ብቻ ይለብስ እንደነበር፣ ቀይ ጥለት የመኳንንት እንደነበር፣ ኋላ ባለቀለም ክር በመተማ በኩል በግመል መጥቶ ገበያውን ሲሞላው ሁሉም ሊለብሰው እንደደፈረ፣ ከእናታቸው የሰሙትን ዘረገፉላት። ደስም አላቸው። ሁለት ወር ሙሉ ከልጃቸው ከኪዳነወልድ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውማ!

ኪዳነወልድ ነርስ ነው፤ ዛሪማ ተመድቦ ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ወሩ። ባለፈው ሳምንት የሟች ባላቸው ወንድም መሪጌታ ሐብተ ማርያም እዚያው ድረስ ወርደው፣ "ደኅና ነው፤ ኔትዎርክ ጠፍቶ ነው" ብለው ተመልሰዋል። የመሪጌታን ቃል ማን ይጠረጥራል? አመኗቸው።

ዓይናለም የነጠላውን አለባበስ በስልኳ ፎቶ ታነሳ ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑን መስቀለኛ አጣፍተው አሳዩዋት። የሠርጉንም አሳዩዋት።

"የሐዘኑንስ?"

"በስመ አብ! ልጄ ሰው አገር እያለ ነጠላ ላዘቅዝቅ? ሟርት ነው!"

"ለመጽሐፉ እኮ ነው እትዬ፤ አንዴ ብቻ።"

እምቢ ማለት አያውቁበትም፤ ጉዳቸው ይሄው ነው። ነጠላውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገታቸው ዙሪያ አደረጉት።

"ቶሎ በይ፣ ጭንቅ አለኝ።"

ይሄኔ መሪጌታ ሰተት ብለው ገቡ። ጥለቱን ሲያዩ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እኚያ ሁሉ ሰው የሚያፍራቸው ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው ተንሰቀሰቁ።

"ማን ነገረሽ?" አሉ። "ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሎች ጋር ልናረዳሽ ነበር። ወባ ነው የገደለው። ስደርስ ተቀብሮ ነበር፤ መቃብሩ ላይ ፍትሐት አድርሼ መጣሁ። ዋሸሁሽ እህቴ፣ ይቅር በይኝ!"

ዓይናለም ስልኳን ወደ ታች አወረደች።

ይመኙሽ ጥለቱን ወደ ታች ሊመልሱ ይጎትቱ ጀመር።

"ዓይናለም፣ ንገሪያቸው እንጂ!" አሉ። "ለፎቶ ነው በያቸው! እባክሽ ልጄ፣ ለፎቶ ነው በያቸው!"